ያቋረጠችው ፈተና

ኦርኔላ ከወንበሯ ስትነሣ ፈተናው ከተጀመረ ሃምሳ ደቂቃ ሆኖት ነበር። በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ተማሪ አቀርቅሮ ይጽፋል። ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁለቱን ሠርታለች። ሦስተኛውን ደጋግማ አነበበችው፤ ምንም ሊገለጥላት አልቻለም። የምታመጣውን አሰበች፤ ቢበዛ ስልሳ ነው። እስከ ዓምና በተማረችባት በጣሊያኗ ከተማ አንኮና ውስጥ በእንዲህ ያለ ውጤት ፈተና የሚጨርስ ሰነፍ ብቻ ነው። ጎበዝ ተማሪ ወረቀቱን ሰርዞ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ወር ተዘጋጅቶ ይመለሳል። ማቋረጡም የትም አይመዘገብበትም። እሷ ራሷ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አድርጋዋለች።

መልሶቿ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስመር አሰመረች፤ ከግርጌ «አቋርጫለሁ» ብላ ፈረመች፤ ወረቀቱን ይዛ ወደ ፊት ሄደች።

የፈተናው ተቆጣጣሪ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው ካርድ «ዊትሎክ» ይላል። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት።

«አመመሽ እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ኧረ ደህና ነኝ፤ አመሰግናለሁ።»

«ሽንት ቤት ነው?»

«አይደለም። መሄዴ ነው።»

ሚስተር ዊትሎክ መስመሩን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ፊታቸው ያለው መዝገብ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ኦርኔላ ምን እንደጻፉ አልጠየቀችም። ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ትራሙን ተወችና የእንግሊዟን ከተማ የሼፊልድን ዳገት በካፊያው በእግሯ ወጣችው። ቀለል ብሏት ነበር።

ቤት ስትደርስ ብሪዮኒ ኩሽና ውስጥ የተጠበሰ ዳቦ ላይ ከጣሳ ቦሎቄ ታፈሳለች። የብራድፎርዱ ልጅ ኢምራን እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሻይ ይጠጣል። ከመስከረም ጀምሮ ሦስቱ አንድ ቤት ይኖራሉ።

«ቶሎ ጨረስሽ» አለች ብሪዮኒ። «ቀሎሽ ነው?»

«አልጨረስኩም፤ ትቼው ወጣሁ። ቀጣዩ መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«ቀጣዩ ፈተና ነዋ። በሚቀጥለው ወር አለ አይደል?»

ኢምራን ስኒውን አስቀመጠ። «ብሪ፣ ይቺ ልጅ የምትለውን ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ፤ ግን አልገባኝም። ኦርኔላ፣ ቀጣይ የሚባል ነገር የለም። ፈተናው ዛሬ ነበር፤ በቃ።»

«እኛ ጋ በዓመት ስድስት ጊዜ ነው።»

«እዚህ አንዴ ነው። አቋርጠሽ ከወጣሽ ዜሮ ይያዝብሻል። ነሐሴ ላይ ድጋሚ አለ፤ ግን መቶ ብትደፍኚም የሚጽፉልሽ ማለፊያዋን አርባን ብቻ ነው።»

«ዜሮ?»

«እንቁላል» አለ ኢምራን። «ያውም ከነቅርፊቱ።»

«አንተ ዝም በል» አለችው ብሪዮኒ።

ኦርኔላ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። የሚላኖ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሏታል፤ ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፦ አማካይ ውጤቷ ከሠላሳ ሃያ ስምንት መድረስ አለበት። ይህ ትምህርት ደግሞ እንደ ሁለት ትምህርት ነው የሚቆጠረው። በአርባ ሚላኖን መርሳት ነው። ይህንን ለሁለቱ ነገረቻቸው፤ ድምፅዋ አልተለወጠም።

«ደንቡን አላነበብሽም እንዴ?» አለ ኢምራን።

«ፈተና ፈተና ነው ብዬ።»

«እንግዲህ የሕመም ፎርም ሙይ» አለች ብሪዮኒ አፏ ውስጥ ዳቦ እንዳለ። «የሐኪም ወረቀት አይጠይቁም። ታምሜ ነበር ብለሽ ራስሽ ትፈርሚያለሽ። ከተቀበሉሽ ነሐሴ ላይ እንደ አዲስ ትፈተኛለሽ፤ ያመጣሽው ሁሉ ይያዝልሻል።»

«አልታመምኩም እኮ።»

«እኔስ መቼ ታምሜ አውቃለሁ? አያቴ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ጊዜ ሞታለች። አሁን ብሪድሊንግተን ቁጭ ብላ ቢንጎ ትጫወታለች።»

«ለሦስተኛ ጊዜ እንዳትገድያት፤ ፋይል አላቸው» አለ ኢምራን። «ኦርኔላ፣ አንቺ ሆዴን በይ። ስለ ሆድ ዝርዝር የሚጠይቅ እንግሊዛዊ ገና አልተወለደም።»

ውሸቱ ኦርኔላን አላስጨነቃትም። ለባቡር ተቆጣጣሪ፣ ለቤት አከራይ፣ ለእናቷ ዋሽታ ታውቃለች። ያናደዳት ብሪዮኒ ከመሳቢያ አውጥታ የሰጠቻት ፎርም ነው። ሕመም የሚል ሳጥን አለ፤ ሐዘን የሚል አለ፤ በወንጀል መጠቃት የሚል አለ። ያገሬን ደንብ ይዤ መጣሁ የሚል የለም። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች፤ «የሆድ ሕመም» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ቢሮው ሳይዘጋ ለመድረስ ቁልቁለቱን በጥድፊያ ወረደች።

የፈተና ቢሮው ሠራተኛ ሊን ፎርሙን ከእጇ ተቀበለቻት።

«ነይ የኔ ማር፤ ተቀመጪ። እንዴት ነው አሁን ሆድሽ?»

«ይሻላል።»

ሊን አነበበች፤ ከዚያ የጠዋቱን መዝገብ ገለጠች። «አንድ ትንሽ ነገር አለች። አዳራሽ የገባ ሰው ጤነኛ ሆኖ እንደገባ ነው የሚቆጠረው። እዚያ ከታመመ ተቆጣጣሪው መመዝገብ አለበት። ሚስተር ዊትሎክ ደግሞ ‹ደህና ነኝ ብላለች› ብለው ጽፈዋል።»

ኦርኔላ ጎንበስ ብላ ጽሑፉን አየችው።

«እሱ ምንም ማለት አይደለም» አለች ሊን ቶሎ ብላ። «እዚህ አገር ደህና አይደለሁም የሚል ማን አለ? ባለቤቴ እግሩ ተሰብሮ አምቡላንስ ውስጥ ‹ደህና ነኝ፣ አትቸገሩ› ሲል ነበር። ሚስተር ዊትሎክም እዚሁ ናቸው፤ ያስተካክሉልሻል።» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራቻቸው።

ሚስተር ዊትሎክ ብስኩት እያኘኩ ከጎን ካለው ክፍል ወጡ። ኦርኔላን ሲያዩ ፍርፋሪውን ከሹራባቸው ላይ አራገፉ።

«የጠዋቷ ልጅ» አሉ። ፎርሙን አነበቡት፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ መዝገቡን ወደ ራሳቸው አዞሩ። «እንግዲህ እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሞኝ ነበር ካልሽኝ አሞሽ ነበር ብዬ እጽፋለሁ። በስንት ደቂቃው ላይ ነው የጀመረሽ?»

ኦርኔላ ፊታቸውን አየች። ያመኗት አይመስሉም። እውነቱን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ቢሆንም ብዕራቸውን ከፍተው እየጠበቋት ነው። አንድ ቁጥር ብትናገር ይበቃል፤ አርባ፣ አርባ አምስት።

«ወረቀቴ የት ነው ያለው?» አለች።

«የቱ ወረቀት?» አለች ሊን።

«የሰረዝኩት።»

«እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት ለአራሚው ይሄዳል። ምነው?»

«መስመሩ አንድ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ይነበባል። ሊታረም ይችላል?»

ሊንና ሚስተር ዊትሎክ ተያዩ።

«ይችላል» አሉ ሚስተር ዊትሎክ። «ሌላ መልስ እስካልጻፍሽ ድረስ የተሰረዘውም ይታረማል። ‹አቋርጫለሁ› ብለሽ ስለፈረምሽ ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ ብለሽ መጻፍ አለብሽ። እሱም ዛሬውኑ ነው።»

«ቆይ፣ አስቢበት የኔ ማር» አለች ሊን። «ሁለቱን አንድ ላይ አይቀበሉሽም። ይታረምልኝ ካልሽ የሕመሙ ነገር ቀረ፤ የመጣው ውጤት ያንቺ ነው፤ ነሐሴም የለም። ስንት ታመጫለሽ?»

«ስልሳ ቢሆን ነው።»

«ስልሳ እኮ ጥሩ ነው።»

«እኛ ጋ አይደለም።»

ኦርኔላ አማካይዋን በጭንቅላቷ ሠራች፤ ደግማ ሠራች። ስልሳ ከመጣ ሃያ ስምንትን ለጥቂት ያልፋል። ሃምሳ ስምንት ከመጣ አያልፍም። እስከ ነሐሴ ግን ሰባት ወር አላት፤ ሦስተኛውን ጥያቄ ጠንቅቃ ታጠናዋለች፤ ሰማንያ አታጣም። የትኛው እንደሚያዋጣ ለማንም ግልጽ ነው። ብሪዮኒ ብትሆን እስካሁን ጽፋ ሻይዋን ትጠጣ ነበር።

ሚስተር ዊትሎክ አላጣደፏትም። የብዕራቸው ጫፍ ከመዝገቡ ባዶ መስመር በላይ ቆሟል። ጠዋት የጻፉት ከዚያው በላይ ይታያል፤ የትምህርት ቤት አስተማሪ ጽሑፍ ነው፣ ፊደሉ ክብ ክብና እኩል። ከሥሩ የእሷን ውሸት የሚጽፈውም ይኸው እጅ ነው።

«እኔ እንድጽፍ የምትፈልጊ ከሆነ ንገሪኝ» አሉ። «ይሉኝታ አይያዝሽ።»

«አይጻፉ» አለች ኦርኔላ። «ሆዴ ደህና ነበር።»

ሊን ተነሥታ ከሳጥኑ ውስጥ የኦርኔላን ወረቀት ፈልጋ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት። ኦርኔላ ከሚስተር ዊትሎክ እጅ ብዕሩን ወሰደች።

«ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«እንደፈለግሽ፤ ብቻ አጭር ይሁን» አሉ።

«ሁለቱ ጥያቄዎች ይታረሙልኝ» ብላ ጻፈች፤ ስሟንና ቀኑን ከሥሩ አስቀመጠች። የሠራቻቸውን መልሶች እንደገና ማየት ትችል ነበር፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ነው። ሳትገልጠው ለሊን መለሰችላት።