ከአራተኛ ፎቅ የመጣው አቤቱታ

«‹በቸልተኝነት› ልበል ወይስ ‹ሆን ብላ›?» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንደያዘ።

ልጅቱ የለቀስተኛው ካፖርትና ጃንጥላ የተከመረበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከሳሎን፣ የማንኪያና የሹክሹክታ ድምፅ ይመጣል። አባቷ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

«አንቺን እኮ ነው! የሆስፒታል ቋንቋ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ የትምህርት ቤት ሰው፣ ከቀሪ ተማሪ ስም ሌላ ምን መጻፍ አውቃለሁ?»

«‹በቸልተኝነት› በለው ጋሼ» አለች። ብላ ሳትጨርስ ምላሷን ቢቆርጠው ወደደች።

«ቸልተኝነት ያንሳታል። የአባዬ የደም ውጤት ከላቦራቶሪ የወጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ነርሷ ያየችው ስምንት ሰዓት ላይ። አምስት ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር? ጥፍሯን ስትቀባ?» ወረቀቱን አገላበጠው። «ነገ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይሰበሰባል ተብያለሁ። ይሄ ደብዳቤ እጃቸው ከገባ ያቺ ነርስ ሁለተኛ በሽተኛ አትነካም።»

ልጅቱ ነርሷ ምን ስትሠራ እንደነበር ታውቃለች። ሥራዋን ስትሠራ ነበር።

የልጅቱ መሥሪያ ቤት ለሆስፒታሎች የኮምፒዩተር ሥርዓት ይሠራል። የበሽተኛው ደም ተመርምሮ ውጤቱ ሲታወቅ፣ በተኛበት ክፍል ስክሪን ላይ እንዲወጣ፣ አደገኛ ከሆነም ቀልቶ እንዲጮህ የሚያደርገው የእነሱ ሥራ ነው። እሷ ሥርዓቱን ከሠሩት ወገን አይደለችም፤ ሲበላሽ ከሚሰደቡት ናት። ዘጠኝ ሆነው ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ከየሆስፒታሉ የሚመጣውን አቤቱታ ይቀበላሉ። ለአንድ ስልክ ስድስት ደቂቃ ተፈቅዷል። ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ ቁልፍ ይጫናል፣ ቁልፉም ደቂቃ ይቆጥርበታል። ፊት ለፊታቸው ግድግዳው ላይ ያልተዘጉ አቤቱታዎች ቁጥር በቀይ ይበራል። ከቁጥሩ በላይ «ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ሰው አለ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። «ከሰውየው ጀርባ ደግሞ አለቃ አለ» ይባባላሉ እነሱ። ዓርብ ከሰዓት ቁጥሩ ዜሮ ከገባ ይጨበጨባል።

ችግር በመፍታት ብቻ ግን ዜሮ አይገባም። ስለዚህ ማንም ያላስተማራቸው፣ ሁሉም የሚያውቁት አንድ ብልሃት ነበራቸው። አዲስ አቤቱታ ሲመጣ ቀደም ሲል የተፈታ፣ እሱን የሚመስል አሮጌ አቤቱታ ይፈለግለታል። ከተገኘ አዲሱ «ድርብ» ተብሎ በአሮጌው ላይ ይለጠፍና ይዘጋል። ለጻፈው ሰውም «ችግሩ ተስተካክሏል» የሚል መልስ ወዲያው ይሄድለታል። የሚመስል በመፈለግ እሷን የሚያህል አልነበረም። ባልደረቦቿ «መጥረጊያዋ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር፤ ስሙንም ትወደው ነበር።

አባቷ ከመሞታቸው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአንድ ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ አንዲት ነርስ ጻፈች። «ውጤት አይመጣም። በሽተኛ ከድንገተኛ ክፍል ወደ እኛ ሲዛወር ውጤቱ የሚወጣው እዚያው ታች፣ በለቀቀው አልጋ ስክሪን ላይ ነው። ዛሬ ላቦራቶሪ በየሰዓቱ እየደወልኩ በመጠየቄ ነው የተገኘው። እባካችሁ፣ ሰው ሳይጎዳ።» ልጅቱ እስከ «አይመጣም» ድረስ አነበበች። በዚያው ሳምንት «ውጤት አይመጣም» የሚል ሌላ አቤቱታ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲበራ የተስተካከለ። ድርብ። ዘጋችው። ግድግዳው ላይ ዜሮ በራ፣ ተጨበጨበ፣ እሷም አጨበጨበች። ነርሷ «ተስተካክሏል» የሚለውን መልስ አይታ በየሰዓቱ መደወሏን ተወች።

ይህን ያወቀችው በቀብሩ ማግስት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላት ማለዳ ተነስታ የመሥሪያ ቤቷን የአቤቱታ መዝገብ በኮምፒዩተሯ ከፍታ ስታገላብጥ ነው። ከአቤቱታው ግርጌ፣ የዘጋው ሰው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ የራሷ ስም ነበር።

ሳሎን ተመልሳ ረጅሙ ሶፋ ላይ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። እናቷ ቀና ሳይሉ እጇን ፈልገው ያዙት።

«ይሄ ሻይ ነው ወይስ የብርጭቆ እጣቢ?» ይላሉ አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ ትሪውን እያዞሩ። «እኔ ስሞት እንዲህ ያለ ሻይ አቅርባችሁ እንዳታዋርዱኝ!»

«አንቺማ ሁላችንንም ቀብረሽ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። ለቅሶ ላይ እንደሚሳቀው፣ ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ጋርዶ ሳቀ።

ሽማግሌው የአባቷ የሥራ ባልደረባ ነበሩ። ሁለቱም ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሊፍት ሲጠግኑ ነው። «እሱማ» አሉ ሽማግሌው፣ ሳቁ ሲበርድ፣ «የጠገነውን ሊፍት ራሱ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወርዶበት ካልሆነ ካርዱ ላይ አይፈርምም። አንዱ ባለ ሕንፃ እንግዶቹ ደርሰውበት ‹ፈርምና ሂድ!› ብሎ ቢጮህበት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይፈታል እንዴ! እንግዶቹ እሱን እየተራመዱ ስድስት ፎቅ በእግራቸው ወጡ። ገመዱ እስኪለወጥ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሕንፃም ተባረርን፤ እኔንም ጨምሮ።»

ልጅቱ ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን መስማት አቃታት። አባቷ መልአክ አልነበሩም። ዳማ ሊሸነፉ ሲሉ ክንዳቸው ሰሌዳውን «ሳያውቁ» ይገፋው ነበር። ሲያኮርፉም ሦስት ቀን ሙሉ መልሳቸው የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ማድረግ ብቻ ነበር። ፊርማቸው ግን ፊርማ ነበረች።

እሷን «ዶክተሬ» ነበር የሚሏት። ዶክተር አይደለሁም ስትላቸው «ሰውን ዶክተር ያክመዋል፣ ሆስፒታሉን ማን ያክመዋል ታዲያ?» ይሏታል። ኩላሊታቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ በገቡ ጊዜም አልተዉም። ወደ አራተኛ ፎቅ ያዛወሯቸው ዕለት ጎናቸው ለተኛው በሽተኛ ስክሪኑን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይሄ የልጄ ሥራ ነው። እዚህ ስተኛ ቤቴ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ» አሉት። «እኔ አልሠራሁትም አባዬ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። በሽተኛው በአድናቆት ሲመለከታት ጊዜ ዝም አለች። በማግስቱ ጠዋት በደማቸው ውስጥ ያለው ፖታሺየም ልብ በሚያቆም መጠን ከፍ ማለቱ ታወቀ። በጊዜ ከታየ በመድኃኒት የሚወርድ ነገር ነው። ውጤቱ ግን ታች፣ ባዶ አልጋ አጠገብ፣ ቀልቶ ሲጮህ ዋለ።

ከምሳ በኋላ አለቃዋ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር አበባ ይዞ መጣ። እናቷን ዝቅ ብሎ ጨበጠ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ከዚያ ልጅቱን በዓይኑ ጠራት። ካፖርቶቹ ወዳሉበት መኝታ ቤት ገቡ።

«መዝገቡን ከፍተሽ ማየትሽን አይቻለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ማን ምን እንደከፈተ እንደሚመዘገብ ታውቂያለሽ።»

ከአልጋው የወደቀ ጃንጥላ አነሳች።

«ከኔ በቀር ያየ የለም። ብልሽቱን ደግሞ ትናንት አስተካክለነዋል። ከእንግዲህ የሚጎዳ ሰው የለም።»

«ነርሷስ?»

«ነርሷ የሆስፒታሉ ጉዳይ ናት።»

«ነገ ሊያባርሯት ነው እኮ።»

«አንቺ ብትናገሪ አባትሽ ይነሳሉ?» ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ እሱም የተኛ አይመስልም። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እናትሽን አስቢ። ባላቸውን የቀበሩ ሴት ልጃቸውንም ይቅበሩ?»

ሰዓቱን አየ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወጣ። ስድስት ደቂቃ አልሞላም። ከሁሉ በላይ ያሳፈራት የሱ ንግግር አልነበረም፤ ንግግሩ ልቧን ማቅለሉ ነበር። እናቴን ነው የማስበው ለማለት ምን ያህል እንደሚቀል አየች። ነገ ጠዋት ደብዳቤው ይገባል፣ ነርሷ ትሄዳለች፣ እሷ ደግሞ የሟች ልጅ ሆና ትቀመጣለች። የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነው።

አሥር ሰዓት ገደማ ሳሎኑ ሳሳ ሲል በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። ግራጫ ሹራብ ለብሳ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ማንም አላወቃትም፤ የልጅቱ ወንድም ግን ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ።

«አንቺ! በምን ዓይንሽ ነው እዚህ ቤት የመጣሽው?»

«ለቅሶ ልደርስ ነው» አለች ነርሷ።

«ገድለሽው ስታበቂ ለቅሶ?»

አክስቷ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እህቴ» አሉ። «ነገ ኮሚቴው ፊት ትናገሪያለሽ። አሁን ነገር ይዘሽ አትምጪብን።»

«የነገው የነገ ነው» አለች ነርሷ። እግሯ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። «ዛሬ ለሳቸው ነው የመጣሁት።»

«ውጪ!» ወንድምየው ደብዳቤውን በያዘ እጁ በሩን አሳያት። ነርሷ የተቀመጠውን ሰው አየት አድርጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ልጅቱ እጇ በእናቷ እጅ ውስጥ እንዳለ ነው። ነርሷ ሁለተኛዋን እርምጃ ከተራመደች ነገሩ ያበቃል።

«ጋሼ፣ ተዋት። ጽፋ ነበር።»

«ምን?»

«አባዬ ከመሞቱ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብላ ጽፋ ነበር። ውጤቱ አይደርሰንም፣ ሰው ሳይጎዳ ብላ። ለኛ መሥሪያ ቤት ነው የጻፈችው።»

«ታዲያ የትኛው የተረገመ ነው…»

«እኔ ጋ ነው የደረሰው።» ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «አንብቤ አልጨረስኩትም። ዘጋሁት። ተስተካክሏል የሚለውን መልስ የላክሁላት እኔ ነኝ።»

ማንም ማንኪያ አላነሳም። ነርሷ ከበሩ ላይ ሆና ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ያንን መልስ የላከው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ስታስብ የቆየች ይመስል ነበር።

ወንድሟ ወረቀቱን አየ፣ እህቱን አየ። «ሦስት ጊዜ አነበብኩልሽ» አለ ቀስ ብሎ። «‹በቸልተኝነት› በለው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«አዎ። ስሙን አስተካክለው። ነገ ኮሚቴው ፊት እኔ እቀርባለሁ።»

ሊመታት ነው ብላ ጠብቃ ነበር። ቢመታት ደስ ባላት። እሱ ግን መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። አክስቷ ትሪውን መልሰው አንስተው የቀዘቀዘውን ሻይ መሰብሰብ ጀመሩ።

እናቷ እጃቸውን ከልጃቸው እጅ ውስጥ አወጡ። አልመነጨቁም፤ ጣት በጣት ነው ያወጡት። ከዚያ ሶፋው ላይ ፈቀቅ፣ ደግሞ ፈቀቅ አሉ። በእሳቸውና በልጃቸው መካከል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተ።

«ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሉ ነርሷን።

ነርሷ ቦርሳዋን እንደያዘች መጥታ መሀላቸው ተቀመጠች። ሹራቧ የሆስፒታል ሳሙና ይሸታል።

«ሲሞት አጠገቡ ነበርሽ?»

«ነበርኩ እማማ። እጃቸውን ይዤ ነበር።»

«ያለው ነገር አለ?»

ነርሷ ሰዉን ገልመጥ አደረገች። ከዚያ ወደ እናትየው ዞራ አፏን ጆሯቸው ላይ አስጠጋችና መናገር ጀመረች። አጭር ነገር አልነበረም። እናቷ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያደምጣሉ፤ እንባቸው ይወርዳል፤ አንዴ ደግሞ ሊስቁ ሲሉ ከንፈራቸውን ነከሱ። ለልጅቱ የሚደርሳት እስትንፋስ ብቻ ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊልኝ እንዳትል ምን አፍ አላት። የነርሷን ትከሻ እንዳትነካ እየተጠነቀቀች አንገቷን ወደዚያ አዘነበለች።