አባባ፣ እንዳሉ ይቆዩልኝ

፩

አይነቃነቁ።


፪

ከዚህ የሚቀድም ነገር ነበረ፤ ግን ከዚህች ቃል ካልጀመርኩ ታሪኩ አልወጣልህ ይለኛል። ስለዚህ ወደ ኋላ ልመለስ።

ይበልጣል አንለይ ካሜራ ከገዛ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው። የሚያነሳው ሁሉ ብዥ ይላል። ጨፋሪው ጢስ ይመስላል፤ ባጃጁ ሰማያዊ ጭረት ሆኖ ያልፋል፤ የጎረቤት ሕፃን ሦስት አፍንጫ ያወጣል። ጓደኞቹ "የሰይጣን ፎቶ አንሺ" ብለው ስም አወጡለት። እየሳቀ ይሰማቸዋል እንጂ ነገሩ ያንገበግበዋል።


፫

ፎቶ ብዥ እንዳይል (ከስልኩ ላይ ተምሮ የሸመደደው)፦

ክርንህን ከጎንህ አጣብቅ።

ትንፋሽህን ያዝ፤ ከዚያ ተጫን።

ሻተሩን፣ የካሜራውን ዓይን ከፍቶ የሚዘጋውን፣ አፍጥነው።

ብርሃን ካነሰህ ፍላሽ ተጠቀም።

ፍላሽ ከሌለህ ሰውዬው እንዲቆም ንገረው።

አንባቢ፣ የመጨረሻዋን ልብ በላት። ጉዱን ያመጣችው እሷ ናት።


፬

አባቱ አቶ አንለይ፣ ልጃቸውን ስመኝን ዓመት ሙሉ አላናገሯትም። እሳቸው ያጩላትን ትታ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አገባለሁ ስላለች ነው። ሽማግሌ ተላከ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ እንደገና ተላከ። በስንት ልመና "ይሁን" አሉ።

"ይሁን" ማለትና መመረቅ ግን ለየቅል ናቸው። ሙሽራ በሠርጓ ጠዋት ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ትስማለች፤ አባትም ይመርቃል። ስመኝ ያንን ነበር የምትጠብቀው። ቬሎውም ኬኩም ለሰው ዓይን ነው። እሷ የፈለገችው ይቅርታቸውን በጆሮዋ መስማት ነው።


፭

የሠርጉ ጠዋት። መስኮቱን ሰው ደፍኖታል። ሳሎኑ ጨልሟል። ይበልጣል ፍላሽ የለውም።

እህቱ ተንበርክካ ጉልበት ሳመች። አቶ አንለይ እጃቸውን በራሷ ላይ ጫኑ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። ይበልጣል በካሜራው ቀዳዳ ሲያይ ብዥታው ከወዲሁ ታየው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

"ልጄ፣ ያ ያስቀየምሽኝ ነገር፣ ዛሬ…"

"አባባ፣ እንዳሉ ይቆዩልኝ። አይነቃነቁ።"


፮

አንተ ቀኑን ሙሉ ፊትህን በስልክህ ስታነሳ የምትውል አንባቢ፣ ይህ ላይገባህ ይችላል። ለአቶ አንለይ ትውልድ ፎቶ መነሳት እንደ ሰልፍ ነው። ቁም ከተባሉ ይቆማሉ፤ አይተነፍሱም፤ ዓይናቸውን አይሰብሩም። ፎቶ ቤት እንዲያ ነው ያስለመዳቸው።

ቆሙ። እጃቸው ራሷ ላይ፣ ቃሉ አፋቸው ውስጥ።

ቀጭ።

"አንዴ ልድገመው፣ አባባ።"

ቀጭ።


፯

ደጅ የሙሽራው መኪና ጥሩምባ አምባረቀ። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ገብተው "ረፈደ" አሉና ሙሽራዋን ደግፈው አነሷት። ስመኝ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አባቷን አየች።

"በይ ሂጂ" አሉ አቶ አንለይ። "ቀሪውን ለመልስ።"

ይበልጣል ይህን ሲሉ ቀና አላለም። የካሜራውን መስኮት አፍጥጦ እያየ ነበር። ፎቶው ጠርቷል።


፰

መልስ።




አልተበላም። በዋዜማው አቶ አንለይ ወንበር ሲያስተካክሉ ወደቁ፤ ወድቀውም ቀሩ። ለመልስ የተተከለው ድንኳን ሳይነቀል ለለቅሶ ዋለ። ጌጡ ብቻ ወረደ።

"ፎቶ የለም ወይ?" ተባለ። ፎቶማ ነበረ። የስመኝን ራስ ከታች ቆርጠው የአባትዬውን ፊት ብቻ አሳደጉና አሳጠቡት።* የጢማቸው ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል። ለቀስተኛው እየተቀባበለ፣ "ወይ አንለይ፣ ቁርጥ እሱን። ሊናገር እኮ ነው የሚመስለው" እያለ አለቀሰበት። አንድ ሰውዬ ፎቶ አንሺውን አጠያይቆ እዚያው ድንኳን ውስጥ ለልጁ ሠርግ ቀጠረው።

ይበልጣል ደስ አለው። አባቱ ሳይቀበሩ ደስ አለው። በዚያች ደስታው ራሱን እስከ ዛሬ ይጸየፋል።

_____
* ከፎቶው ግርጌ ጥግ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። የማጠቢያ ስህተት አይደለም። ቬሎዋ ነው።


፱

አርባው ከወጣ በኋላ ወንድምና እህት ሳሎን ውስጥ፣ ከፎቶው ፊት ለፊት፦

ስመኝ፦ "አባቷ ሳይመርቋት የወጣች" ይሉኛል።

ይበልጣል፦ ሰው ምን የማይለው አለ፣ እታለም።

ስመኝ፦ ሰውን ተወው። እኔ አቀርቅሬ ነበር፤ ፊታቸውን አላየሁም። አንተ ግን ከፊታቸው ነበርክ። "ዛሬ" ካሉ በኋላ በሹክሹክታ ያሉት ነገር የለም?

ይበልጣል፦ (ተነስቶ የፎቶውን ፍሬም ያቃናል።)

ስመኝ፦ "ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ" ሊሉ ነበር፣ አይደል? ወይስ "ዛሬም አልወጣልኝም" ነው?

ስመኝ፦ (እጁን ይዛ) ቁርጤን ልወቅ። የማልወደውም ቢሆን ንገረኝ።


፲

ምንም አልሰማም። የሚሰማ ነገር እንዳይኖር ያደረገው እሱ ነው።

እውነቱን ቢነግራት ዕድሜዋን ሙሉ ባዶ ልትታቀፍ ነው። ቢዋሻት በሟች አባቱ አፍ ሊናገር ነው፤ ያ ደግሞ ቀላል ኃጢአት አይደለም። እኔ ራሴ መልሱን ስንቴ ሞላሁለት፣ ስንቴ ሰረዝኩት። አልሆነልኝም፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉን ያውቃል ያላችሁ ማነው?

ስመኝ እጁን ይዛዋለች። ዓይኗን ከአፉ ላይ አልነቀለችም።

ይበልጣል፦ እታለም፣ አባባ ያን ዕለት…