ምስኪን አትበሏት

«እንኳንም ተገላገለች፣ ምስኪን» አለች ጎረቤቷ ሻይዋን እፍ እያለች። «አታይ፣ አትሰማ። ይሄም ኑሮ ሆኖ ነው?»

የሟቿ የእህት ልጅ ባዶ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ይህቺን ቃል ከለቀስተኛው ሁሉ አፍ እየሰማች ጥርሷን ነክሳ ሰንብታለች።

«ምስኪን አልነበረችም፣ እትዬ።»

«ለክፋት አላልኩም'ኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን አልነበረችም።»

ጥግ ላይ አጎቷ፣ የሟቿ ታላቅ ወንድም፣ ከሰዓት በኋላ ለለቀስተኛው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እየጻፈ ነበር። «ነይ እስቲ፣ ፊደል የገደፍኩ እንደሆን እዪልኝ» አላት። ልጅቷ አነበበች፦ «ዕድሜዋን በጨለማና በዝምታ፣ በሰው ትከሻ ላይ የኖረች...»

በማን ትከሻ?

አክስቷ ሰባት ዓመት ሲሆናት የያዛት ትኩሳት ዓይኗንም ጆሮዋንም ይዞባት ሄደ። የተረፋት ሻካራ ድምፅና ሁለት እጅ ነው። ቤተሰቡ እንዳትወድቅ ብሎ ከጓዳ አላስወጣ ሲላት የጓዳውን ቁልፍ በማንኪያ ፈታችው። ቀጥላ የእናቷን የስፌት ማሽን ፈታታ መልሳ ገጠመችው፤ ማሽኑ ከበፊቱ ይልቅ ለሰለሰ። የሚያናግራት የልጅቷ እናት ብቻ ነበረች፣ መዳፏ ላይ ፊደል በጣት እየጻፈች። ኋላ ልጅቷም ለመደችው።

በሃያ አራት ዓመቷ እህቷን አስከትላ ልብስ ፋብሪካ ሄደች።

«እዚህ የሚሰፋው በዓይን ነው» አለ ፎርማኑ።

እህቷ መዳፏ ላይ ጻፈችላት። «ልሰፋ አልመጣሁም፤ ልጠግን ነው» አለች አክስት። «አንዱን ማሽን ያበላሹና ይስጡኝ።»

ፎርማኑ እየሳቀ አንዲት ብሎን አላላ። እሷ አንዷ ልብስ ሰፊ ማሽኑን እንድታንቀሳቅሰው አድርጋ መዳፏን ላዩ ላይ ጣል አደረገች፤ ጥቂት ቆየች።

«ብሎኗን ያላሏት እርስዎ ነዎት» አለች። «መዘውሩ ግን ድሮም የተሰነጠቀ ነው። እሱን ማን እንደደበቀዎት አላውቅም።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሠራች። ሰፊዎቹ «ሐኪሟ» ይሏት ነበር። ለማሽን ታጋሽ፣ ለሰው ግን ቁጡ ነበረች፤ ሻይ ቀዝቅዞ ከመጣላት ትመልሰዋለች። አንድ ቀን አንድ ደግ ሰው ሳትጠይቀው ክንዷን ይዞ አስፋልት አሻገራት። «አሁን ወደነበርኩበት መልሰኝ» ብላ ላብ በላብ እስኪሆን መልሶ እንዲያሻግራት አደረገችው። ልጅቷ አጠገቧ ሆና በሳቅ ሞታለች።

«ጋሼ፣ እጇ ላይ አንድ ቀን ጽፈው ያውቃሉ?» አለች ልጅቷ ወረቀቱን እንደያዘች።

አጎቷ እስክሪብቶውን አየ። «አላውቅም።»

«ለምን?»

«ታሳዝነኝ ነበራ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ከዚያ ዘመኑ ሄደ።»

«እንግዲያው ይሄ እሷ አይደለችም። እርስዎ ነዎት።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህ ድፍረቷ በጥፊ ይላት ነበር። ዛሬ ግን ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት፤ እስክሪብቶውንም ሰጣት። ልጅቷ «በሰው ትከሻ» የሚለውን ሰርዛ ታሪኩን እንደ አዲስ ጽፋ እስክትጨርስ ቀና አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። ከፋብሪካው ሰፊዎቹ መጡ፤ ያረጀው ፎርማንም በከዘራ መጣ። አጎቷ ቆሞ ልጅቷ የጻፈችውን ማንበብ ጀመረ። ስለ ብሎኗ ሲደርስ ፎርማኑ «እውነት ነው፣ እኔው ነኝ» አለ፤ ለቀስተኛው በልቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ። ጎረቤቷም ሳቀች። አጎቷ ገጹን ገለጠ።

«ቁጡ ነበረች። ተዋርዳ አታውቅም። ሁልጊዜ እሑድ ‹እጄ ላይ ጻፊልኝ› ትለኝና ስለ ሁሉም ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ወንድሟ...»

እዚያ ላይ ድምፁ ቆመ። ልጅቷ ተነስታ ወረቀቱን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን አልለቅ አላት። ሳብ አደረገችው፤ አልለቀቀም። ስለዚህ አንዱን ጠርዝ እሱ፣ አንዱን ጠርዝ እሷ ይዘው፣ ጎን ለጎን እንደቆሙ የቀረውን አነበበችው።