ሟቹ አፑ ቤታቸውን ለእንግዳ የፈቀዱ ዕለት

አፑ፣ ማለትም ጌታው፣ ኩንቱር ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤታቸው ግን አሁንም የራሳቸው ነው። በተራራማው በኩስኮ አካባቢ ትልቅ ሰው ስለ ሞተ ብቻ ንብረቱን የሚነካበት የለም። አፑ አስከሬናቸው ደርቆ፣ ጉልበታቸው ከደረታቸው ጋር ታስሮ፣ ባማረ የሱፍ ልብስ ተጠቅልለው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ምሳ ይቀርብላቸዋል፤ የበቆሎ ጠላ ይቀዳላቸዋል። የሚናገሩት በቤቱ እመቤት በቺምፑ አፍ ነው። እሷ ጆሮዋን ወደ አፋቸው ታስጠጋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ የተባለውን ለቤተሰቡ ትናገራለች። አፑ ታዲያ ምንጊዜም ቺምፑ ካሰበችው ጋር የሚስማሙ ሰው ናቸው። በሕይወት ሳሉ እንዲህ አልነበሩም ይባላል።

አራሹም፣ ሸማኔውም፣ ላማ የሚባለውን የጭነት እንስሳ ጠባቂውም የሚበላው ከአፑ እርሻ ነው። ስለዚህ ስፓኞች የሟቾችን ቤት እየዞሩ ይወስዳሉ የሚል ወሬ ሲመጣ ቺምፑ እህል አልዋጥ አላት። ቤቱ ከተወሰደ ይህ ሁሉ ሰው መበተኑ ነው።

የፈራችው አልቀረም፤ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መጡ። ሁለት ወታደሮች ከነፈረሳቸው፣ ሚንቻን የሚባል ከባሕር ዳር የመጣ አስተርጓሚ፣ ከኋላ ደግሞ በቃሬዛ ላይ የተዘረጋው አለቃቸው ካፒቴን ሉፔርሲዮ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን እንዳስቀመጡ ጥላ ሥር ተዘርረው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ካፒቴኑ አልሞተም። ከቆላ በአንድ ትንፋሽ ሽቅብ ሲወጣ የተራራው ሕመም ጥሎት፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ አፉን ከፍቶ ደርቆ ቀረ እንጂ። ቺምፑ ግን ይህን በምን ታውቃለች? በቃሬዛ የሚሄድ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ሌላ ሰው የሚናገርለት ጌታ እሷ የምታውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

«ጌታችሁ አይናገሩም?» አለችው አስተርጓሚውን።

«አይችሉም እሜቴ። የምናገርላቸው እኔ ነኝ።»

ቺምፑ ልቧ ቅቤ ጠጣ። እነዚህ ሰዎች ለካ እንደሚወራባቸው አውሬ አይደሉም፤ እነሱም ሟቻቸውን ተሸክመው ሰው ይጠይቃሉ። ወዲያው ካፒቴኑን ከአፑ ጎን አስቀመጠችው፣ ለሁለቱም ጠላ ቀዳች። ወታደሮቹ ማሰሮውን ሲያዩ አለቃቸውን ረስተው ከግድግዳው ጀርባ ተሰየሙ።

«እንዳይከፋህ ወንድሜ፣ ትንሽ ይሸታሉ» አለች ቀስ ብላ።

«ድሮም ይሸታሉ።»

«መቼ ነው ያረፉት?»

ሚንቻን ካፒቴኑን አየ፤ አፑን አየ፤ ነገሩ ገባው። ይህ ሰው ከባሕር ዳር ጀምሮ የካፒቴኑን ኮርቻ በጀርባው ተሸክሞ የመጣ ነው። ሊያርማት ይችል ነበር፤ ግን የተጠበሰ በቆሎ ቀርቦለት ነበርና አፉ ሙሉ ነበር።

«ትናንት ነው የባሰባቸው» አለ። ውሸት አልተናገረም።

«ምን ፈልገው መጡ ታዲያ?»

«ይህን ቤትና እርሻውን። የራሳቸው እንዲሆን።»

ቺምፑ ደነገጠች። ጆሮዋን ወደ አፑ አፍ አስጠግታ ቆየች፤ ስትመለስ ፊቷ ፈክቷል። «አፑ እንግዳ አልጠላም ይላሉ። ጎኔ ቦታ አለ፣ ለዘላለም ይቀመጡ። ግን ከእኔ ጋር የሚቀመጥ እንደ እኔ ነው የሚቀመጠው ብለዋል።» ቤተሰቡ እፎይ አለ። ሁለት ሟች ማብላት ምን ይከብዳል? ሁለቱም አይበሉም።

የሟች አሰናጁ አባባ ኡስካ ተጠሩ። ገመዳቸውንና የባልጩት ቢላቸውን ይዘው መጡ፤ የካፒቴኑን ጥሩር አወለቁና ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጠፉት። እግሩ ተፈናጥሮ ተመለሰ።

«ግትር ሟች ነው» አሉ አባባ ኡስካ፣ አንዲቱን ገረድ እየጠሩ። «ነይ አንቺ፣ ጉልበቱ ላይ ተቀመጪበት።»

እንደ ምንም ታሰረ። ሽማግሌው ሸሚዙን ገልጠው ሆዱን ዳሰሱና ተቆጡ። «ምን ዓይነት ሰነፍ ነው ሆዱን ሳያጸዳ የሰደደው?»

ቀዝቃዛው ባልጩት እምብርቱን ሲነካው ካፒቴኑ ዓይኑን ገለጠ። በስተቀኙ አፑ ኩንቱር ከነጽዋቸው ተቀምጠዋል።

«ሚንቻን፣» አለ በቀጭን ድምፅ፣ «የት ነው ያለሁት?»

«በቤትዎ ነው ጌታዬ። ሴትዮዋ ቤቱን ሰጥታዎታለች፣ እርሻውንም። ለዘላለም ይቀመጣሉ። የቀረው የሆድ ዕቃዎን ማውጣት ብቻ ነው።»

«ምኔን?»

«የሆድ ዕቃዎን። እኚህ ጌታም እንዲሁ ነው የተደረጉት። እንዴት እንዳማረባቸው ይመልከቱ።»

ሚንቻን በሥራ ዘመኑ እንዲህ ቃል በቃል ተርጉሞ አያውቅም።

ካፒቴኑ እንደ ታሰረ፣ እንደ እንቁራሪት እየዘለለ ግቢውን አቋረጠ። አባባ ኡስካ ቢላቸውን ይዘው «ያዙት፣ ገና ሳልጨርሰው ነው» እያሉ ተከተሉት። ወታደሮቹ ከነስካራቸው አፈፍ አድርገው ፈረስ ላይ ጫኑት፤ ተሸካሚዎቹም ባንነው ባዶ ቃሬዛ ይዘው ተከተሉ።

ቺምፑ ተናደደች። «ባለጌ። ሟች ሆኖ በገዛ አፉ ይናገራል እንዴ?»

ሳይከተላቸው የቀረው ሚንቻን ሰውዬው ፈጽሞ ሞቶ እንዳልነበር ሲነግራቸው ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ቺምፑም ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን በቆሎውን አስቀመጠ።

«እሜቴ፣ ሌላ ይመጣል። ተራራ የለመደ ይመጣል።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ አፑ፣ ማለትም ወደ ቺምፑ አየ። ጆሮዋን አስጠጋች። ምንጊዜም ቃሉ በአፏ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር፤ አሁን ምንም የለም። ፈራች። አፑ አንዴ እንኳ በራሳቸው ቢናገሩላት ምን ነበረበት?

«አፑ...» አለች። «አፑ ቤቱን ተዉት፣ እኔን ይዛችሁ ወደ ተራራ ውጡ ይላሉ።»

እውነት እሳቸው ናቸው ያሉት ብሎ የጠየቀ የለም። የአፑ መሸከሚያ መጣ። ቺምፑ ወንዶቹን ገፍታ የፊተኛውን እንጨት ትከሻዋ ላይ አደረገች። ተሸክማቸው አታውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ሰው ያኖሩት ጌታ ከአንድ ጆንያ ቅጠል አይከብዱም።