የማቲዎስ እትብት

እሪ በከንቱ ከፈረሰ ወዲህ ስለ ሰፈሩ የማወራውን ሊሰማ የሚመጣው ሰው በዝቷል። ድሮ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ አንበሳ ወረፋ ይዞ ሥጋ ይገዛ ነበር ስላቸው በስልካቸው ቀርጸው የሄዱ ወጣቶች አሉ። ቤቱ ከሌለ ማን ይመሰክርብኛል?

እትዬ ምብራት ግን ወሬ ሊሰሙ አልመጡም። የድሮ ጎረቤቴ ናቸው፤ ቤታቸው ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ። አንድዬ ልጃቸውን ማቲዎስን በሊቢያ በኩል ሲሻገር ባሕር በላው፤ ሬሳው እንኳን አልመጣም። ከእሱ አፈር የቀመሰው እትብቱ ብቻ ነው አሉኝ፤ እሱም የተቀበረው እዚሁ፣ ከማድቤታቸው ጀርባ። ከዚያ እፍኝ አፈር ወስደው አባቱ መቃብር ላይ ሊጨምሩለት ነው። ሰፈሩን አንተ ታውቀዋለህና አሳየኝ አሉ።

ምኑን ላሳያቸው? ሁሉም ሣርና የእግረኛ መንገድ ሆኗል። እንኳን ማድቤቱ፣ አፈሩ ራሱ ተዝቆ በገልባጭ ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ። ይሄኛው ከሣሩ ጋር ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

ዓይናቸውን አየሁና ያው ልማዴን አደረግሁት። ከመብራቱ ምሰሶ ወደ ግራ በእርምጃ ለካሁ፣ ቆም አልኩ፣ አንገቴን ነቀነቅሁ፣ እዚህ ጋ ነው አልኳቸው።

ማንኪያ ይዘው መጥተዋል። ተንበርክከው መጫር ሲጀምሩ ጥበቃው ሣር አይነካም እያለ ደረሰ። የወርቅ ሐብል ወድቆባቸው ነው አልኩት። ምስኪን፣ እሱም ተንበርክኮ በጣቱ ይፈልግ ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈነዳ ነበር።

ጥበቃው ታክቶት ሲሄድ አፈሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ቀና ብለው አዩኝ።

«አባይነህ፣ እውነት እዚህ ነው?»

«እዚሁ ነው፣ እትዬ።»

«ማልልኝ።»

የሰፈር ልጅ ለእሳቸው ሲምል በማን እንደሚምል የታወቀ ነው። አፌ ቀደመኝ።

«ማቲዎስ ይ...»

ዋጥኩት።

«ጨርሰው እንጂ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከእንግዲህ ምን እንዳይሆን ነው?»

ይሙት አልኩ።

ቋጠሮውን በአንድ እጃቸው አቅፈው፣ ሰው በሚንሸራሸርበት መሃል በሌላው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም ብለው የከረሙ ሴትዮ ናቸው። አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ጎረቤት ለቀስተኛው እኔ ብቻ ነበርኩ።