ለያርጋል የሚነሳ ዕቃ

«የራሱ የሆነ አምጡልኝ እንጂ!» አልቃሿ ሙሾዋን አቋርጣ ቆመች።

ሰልስት ነው፤ የደባርቅ ለቀስተኛ ግቢውን ሞልቶታል። የሟቹ ዕቃ ወጥቶ፣ ከፍ ተደርጎ ይለቀስበታል፤ የገበሬ ጠመንጃው፣ የቄስ መስቀሉ። ለያርጋል አባቱ አሻግሬ ያወጣው የምረቃ ፎቶውን ነበር።

«ጋዋንማ ተመራቂ ሁሉ ይለብሰዋል። የልጁ ሙያ ምን ነበር?» አለች አልቃሿ።

«ኢንጂነር ነው ይሉታል» ሲል አንዱ አንሾካሾከ።

«ታዲያ ቢሮው የታለ?» አለ ሌላው።

የያርጋል ታናሽ እህት ይታይሽ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። እፍኟ ውስጥ ያለው ንፍሮ በላብ ርሷል። መልሱን ታውቀዋለች፤ መናገሩን ግን ፈራች። ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ናቹራል ወይም ሶሻል ብላ የምትመዘገብበት የመጨረሻው ቀን ነገ ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ «የተማረ ይግደለኝ» ሲል ኖሯል። ያርጋል ጃናሞራ ውስጥ ሶላር ሲገጥም ከጣራ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ግን ያን ቃል አልደገመውም። ከቀብር ሲመለስ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ናቹራል የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳይነሳ!»

አምና የይታይሽ ክፍል መምህር ያርጋልን ስለ ሥራው እንዲያወራላቸው ክፍል ድረስ ጋብዞት ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ሶላሩ አልጠየቁትም።

«መኪና አለህ?» አሉት።

«በእግሬ ነው የምሄደው። አንዳንዴም በበቅሎ።»

«ናቹራል ገብቶ መጨረሻው በቅሎ!» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ይታይሽ እህቱ መሆኗ እንዳይታወቅ አንገቷን ደፋች። ማታ ያርጋል ባትሪ ሊለካ ሲቀመጥ እንደ ወትሮው ጠራት። የመለኪያውን ጥቁር ሽቦ ራሱ ይዞ ቀዩን አቀበላት። ስለ ቀኑ አንድም ቃል አላነሳም፤ ይሄ ዝምታው እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

«ኧረ ምን ብዬ ላልቅስለት?» አለች አልቃሿ።

ይታይሽ ተነሳች። ጓዳ ገብታ ከያርጋል ቦርሳ መለኪያውን አወጣች። ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ ሁለት ሽቦ የተንጠለጠለበት ቢጫ ዕቃ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አባቷ።

«የኤሌክትሪክ መለኪያው ነው አባየ። ጨለማ ቤት መብራት ያስገባ ነበር። ሙያው ይሄ ነው።»

«አንቺስ ታውቂበታለሽ?» አላት።

አላውቅም ብትል ማንም አይፈርድባትም።

«አውቅበታለሁ። እሱ ጥቁሩን ይይዛል፣ እኔ ቀዩን። ነገም ናቹራል ብዬ ነው የምመዘገበው።»

ለቀስተኛው አጉረመረመ። አሻግሬ መለኪያውን ተቀብሎ ሲያገላብጥ ቆየ።

«እኔስ እፈራለሁ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «ጣራ የምትወጪ ከሆነ ከሥር ቆሜ መሰላሉን እይዛለሁ።»

አልቃሿ እንደገና ጀመረች። አባትና ልጅ ወደ መሀል ገቡ። አሻግሬ መለኪያውን ከፍ አድርጎ ጥቁሩን ሽቦ ጨበጠና ቀዩን ለይታይሽ አቀበላት።