ሣህሉ ይሁንታ ጠየቀ

በ1971 ዓ.ም. ጥር ወር መጀመሪያ ላይ በባሕር ዳር የጀልባ ማመላለሻ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የታይፕ መኪና፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥንና ወደ ሐይቁ የሚከፈት አንድ የትኬት መስኮት ነበር። በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ያለው ርቀት አራት እርምጃ ነው። በበሩ በኩል ሣህሉ፣ በመስኮቱ በኩል እናትዓለም ይቀመጣሉ። እሱ ደብዳቤ ያረቅቃል፤ እሷ ረቂቁን በታይፕ ትጽፋለች፤ ጀልባ በሚነሣባቸው ቀናት፣ ረቡዕና እሑድ፣ በመስኮቱ ትኬት ትሸጣለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ከመሳቢያዋ በወረቀት የተጠቀለለ የሽምብራ ቆሎ ታወጣና ግማሹን ወስዳ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ታስቀምጥለታለች። እሱ ብድግ ይልና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ እናትዓለም» ይላል። እሷ «ምን አላት ብለው ነው፣ አቶ ሣህሉ» ብላ ትመለሳለች። ይህ ሲደረግ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። ከሥራ ጉዳይ ሌላ በመካከላቸው ከዚህ ያለፈ ቃል አልተነገረም።

ሣህሉ የይፋግ ተወላጅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው አጎቱ አዲስ አበባ ወስደው ትምህርት ቤት አስገቡት። ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተቀጠረና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳካርና ብራስልስ ላይ ሠራ፤ የኤምባሲ አንደኛ ጸሐፊ እስከ መሆን ደረሰ። በየአገሩ ሲዘዋወር ትዳር ሳይዝ ቀረ። አብዮቱ ሲመጣ ወደ አገር ተጠራ፤ አሥራ አንድ ወር ያለ ሥራ ከተቀመጠ በኋላ «ተወላጅነትህም ወደዚያው ነው» ተብሎ ባሕር ዳር ተመደበ። የወደቡ ጭነት አውራጆች ገና በመጀመሪያው ሳምንት «አምባሳደር» የሚል ስም አወጡለት። አምባሳደር ሆኖ እንደማያውቅ ሁለት ጊዜ አስረዳቸው፤ ከዚያ ተወው።

እናትዓለም የደቅ ደሴት ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ፅጌ ማርያም እዚያው ደሴቱ ላይ ዜማ ያስተምራሉ። ባሏ የጀልባ መካኒክ ነበር፤ በወባ ከሞተ ሰባት ዓመት አለፈው፤ ልጅ አልነበራቸውም።

ጥር 7 ቀን ሰኞ ለሣህሉ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደብዳቤ መጣ። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ልምድ ያለው ሰው ስለሚያስፈልግ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ እንዲመለስ ታስቧል፤ መቀበል አለመቀበሉን እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲያሳውቅ ተጠይቋል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ወደ አገር ከተጠራ ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረ ደብዳቤ ነው። አጥፎ ኪሱ ከተተውና ቀና ሲል እናትዓለም ቆሎውን ይዛ ቆማለች። ያን ጊዜ፣ ደስ ይለኛል ብሎ ባሰበበት ሰዓት፣ መሄዱን ጠላው።

በማግስቱ ወደቡ ላይ ከኑርሑሴን ጋር ተገናኙ። ኑርሑሴን ጨውና ጨርቅ በጀልባ እየጫነ ወደ ቁንዝላና ወደ ደቅ የሚወስድ ነጋዴ ነው፤ መሪጌታንም ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። ሁለቱም የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሣህሉ ደብዳቤውን አስነበበው።

«መልካም ነው፤ ትሄዳለሃ!»

«እንጃ። እሷ ከፈቀደችኝ እቀራለሁ።»

«እሷ ማን?»

ሣህሉ ወደ ትኬቱ መስኮት ተመለከተ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሎዋን ስትበላ ከርመህ ዛሬ ነው የታወቀህ? ጭነት አውራጁ ሁሉ የሚያውቀውን?»

«ቀስ በል፤ ትሰማለች።»

«እንዴ፣ ብትሰማ ነው እንጂ የሚሻለው! ሽማግሌ ላክ።»

«ሽማግሌ ልኬ ካልፈለገችስ? ሁለታችንም በአንድ ክፍል ውስጥ ነን። እኛ ዘንድ አምባሳደር ከመሾሙ በፊት ተቀባዩ አገር በጆሮ ይጠየቃል፤ ሰውዬው ይስማማችኋል ወይ ተብሎ። ይሁንታ ሳይገኝ ስሙ አይወጣም። አይሆንም ቢባልም ማንም አያፍርም።»

«እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው። ብቻ እንዲህ አናስረዝመውም። በል ምን ብዬ ልጠይቃት?»

ሣህሉ ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። ሦስት ቦታ ተሰርዞ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «ሽማግሌ ቢላክ ቅር ይልሽ እንደሆነ» ይላል።

«ለዚህ ነው ወረቀት ያበላሸኸው?» አለ ኑርሑሴን።

ረቡዕ ጠዋት ጀልባዋ ልትነሣ ስትል ኑርሑሴን ትኬት ሊገዛ መስኮቱ ዘንድ ቀረበ። ሣህሉ ሆን ብሎ ከክፍሉ ወጥቶ ወደቡ ዳር ቆመ፤ ሊሰማ አልፈለገም። ከቆመበት ሆኖ ያየው ይህን ብቻ ነው፤ ኑርሑሴን ጎንበስ አለ፤ እናትዓለም ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች፤ ትኬት ቀደደችና ሰጠችው። ከዚያ ኑርሑሴን እየሮጠ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ገመድ ሲፈታ አፉን በእጁ ከቦ ጮኸ።

«ጠየቅኋት!»

«ምን አለች?»

«ዝም አለች!»

ኑርሑሴን እየሳቀ እጁን አወዛወዘ። ቁንዝላ ላይ የሚሸጥ ዕቃ ስለነበረው ቶሎ አይመለስም።

ሣህሉ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ዝምታን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥንቶታል። ብራስልስ ሳለ አንድ ጊዜ እሱ ራሱ በያዘው ጉዳይ ለአንድ ሰው ይሁንታ ተጠይቆ ሰባት ሳምንት መልስ ጠፋ። አንፈልገውም ያለ የለም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም የለም። በስምንተኛው ሳምንት ሌላ ስም ተላከ፤ የመጀመሪያው ሰው ነገር ዳግመኛ አልተነሣም። ጨዋነት እንደዚህ ነው። የሚገባው ሰው ዝምታን ሰምቶ ይመለሳል እንጂ ሰውን አይሆንም እስኪል አያስጨንቅም። ስለዚህ ሣህሉ ሊያስጨንቃት አልፈለገም። ቆሎው ሲመጣለት እንደ ወትሮው ብድግ ብሎ አመሰገነ፤ ግን ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም።

እናትዓለም ለጥምቀት በተነሣው ተጨማሪ ጀልባ ደቅ ሄደችና እሑድ ተመለሰች። ሰኞ ጠዋት ሹሩባ ተሠርታ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ መጣች። ሣህሉ አየ፤ ለበዓሉ ነው ብሎ አሰበ። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ልትለው አስባ የተወች መሰለው። በተከታዩ ሳምንት ሰኞ ቆሎው በአራት ሰዓት አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ሣህሉ ይህንንም አነበበው፤ ግልጽ ሆነለት።

ሐሙስ፣ ጥር 24 ቀን፣ ለሚኒስቴሩ የመልስ ደብዳቤ አረቀቀ። ታይፕ የሚያደርግለት ሌላ ሰው የለም። ረቂቁን ወስዶ አጠገቧ አኖረው። እናትዓለም ወረቀቱን መኪናው ላይ አስገባች። «ጉዳዩ፦ የተሰጠኝን ምድብ መቀበሌን ስለማሳወቅ» የሚለውን ስትደርስ እጇ ቆመ።

«አዲስ አበባ ነው የሚሄዱት?»

«አዎን። የካቲት 7 በሚነሣው አውቶቡስ።»

«ለብዙ ጊዜ?»

«ለሁልጊዜ ይመስለኛል።»

ጽፋ ጨረሰችው። አንድም የፊደል ስሕተት አልነበረውም። ከሦስት ቅጂ ጋር ስትሰጠው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

«መልካም መንገድ፣ አቶ ሣህሉ» አለች።

ደብዳቤው በዚያው ቀን ፖስታ ቤት ገባ።

እሑድ ኑርሑሴን ከቁንዝላ ተመለሰ። ዕቃው እስኪወርድ እንኳ አልጠበቀም፤ ከጀልባዋ ዘሎ ወርዶ ሣህሉን ወደቡ ላይ ያዘው።

«እህሳ! መሪጌታ ምን አሉ?»

«ስለ ምን?»

«ስለ ምን ይለኛል! ሽማግሌዎቹ ምን ይዘው ተመለሱ?»

«ሽማግሌ አልላክሁም። ዝም አለች አልኸኝ እኮ።»

ኑርሑሴን ጥምጣሙን አወለቀና ጆንያው ላይ ወረወረው።

«ታዲያ ምን እንድትል ፈልገህ ነበር? እልል እንድትል? አንተ ሰውዬ፣ ቅር የሚላት ቢሆን አፏን ከፍታ ትነግረኝ ነበር። እንተዋወቃለን፤ ሰድባ ነበር የምታባርረኝ! የደህና ሰው ልጅ እንዲህ ተብላ ስትጠየቅ ሌላ ምን ትላለች? አሁን በደቅ በኩል ስናልፍ መሪጌታ ወደቡ ድረስ ወርደው ነበር። ከጥምቀት ጀምሮ ጠላ ተጠምቆ፣ ደጅ ተጠርጎ፣ ጀልባ በመጣች ቁጥር የሚወርደውን ሰው ሲያዩ ከርመዋል። ዛሬ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ኑርሑሴን፣ ልጄን ማን ነው የቀለደባት?› አሉኝ። ምን ልበላቸው?»

ሣህሉ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ሹሩባው፣ ነጠላው፣ የቀረው ቆሎ፣ የቆመው እጅ፣ ሁሉንም አይቶ ነበር፤ አንዱንም አላወቀውም። ስንት ሰው ፊት ቁጭ ብሎ የስንቱን ሐሳብ ሲገምት የኖረ ሰው ነው።

«ተቀብያለሁ ብዬ ጻፍሁ» አለ። «እሷ ናት ታይፕ ያደረገችው።»

ኑርሑሴን ጥምጣሙን አንሥቶ አራገፈ። «ተነሥ» አለው በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተነሥና ሂድ፤ እዚያው ናት።»

መንገደኛው ተበትኖ እናትዓለም የትኬት ጉርዶችን በክር ታስር ነበር። ሣህሉ ከራሱ ጠረጴዛ አልፎ እሷ ዘንድ ሄዶ ቆመ። እስከዚያን ቀን ያለ ረቂቅ ወረቀት ሄዶ አያውቅም።

«ወይዘሮ እናትዓለም፣ አጥፍቻለሁ። ዝም ስትይ አይሆንም ማለትሽ መስሎኝ ነው። እኔ በኖርሁበት ዝም ማለት እንደዚያ ነው።»

ክሩን ቋጠረች።

«እርስዎ በኖሩበት ሰው እሺ ሲል ምን ያደርጋል?»

«ይጽፋል።»

«ይጽፋል» አለች፤ ልትስቅም ልታለቅስም የደረሰች ትመስላለች። «አባቴ ከሁለት ሳምንት በላይ ደጅ ደጁን አዩ። እኔ ባሌ በሞተ በሰባት ዓመቱ፣ ሰው ይመጣል ብዬ ለአባቴ ተናግሬ፣ ሰው ሳይመጣ ቀረ። አሁን እኔን ምን ይሉኛል? እኔ የምለውን ብያለሁ። ቀሪው የአባቴ ነው።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሣህሉ በዚህ ጊዜ ዝምታዋን እንዴት እንደሚያነብ ኑርሑሴንን መጠየቅ አላስፈለገውም።

ሰኞ ጠዋት ለሚኒስቴሩ የተቀበለውን ምድብ መተዉን የሚገልጽ ቴሌግራም ለመላክ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ጓድ አዘዘን ፈቃድ ጠየቀ።

«ምክንያት?» አሉ ጓድ አዘዘ።

«ላገባ ነው።»

«ማንን?»

«ገና አልተጠየቀችም።»

ጓድ አዘዘ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጓድ ሣህሉ፣ የመንግሥት ምድብ ተቀብሎ መልሶ መተው ያስጠይቃል። ነገ ሌላው ቀርቶ ይህንንም ወንበር ሊያሳጣህ ይችላል። አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

ኃላፊው ጥቂት አዩትና ፈረሙ። «እንግዲህ ብትጠየቅ እንኳ ቶሎ ትጠየቅ» አሉ፤ እሱን ይሁን እሷን ማለታቸው አላስታወቀም።

ረቡዕ ጥር 30 ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ደቅ ተነሡ፤ ኑርሑሴን፣ የጀልባዋ ነጂ አገኘሁና የባሕር ዳሩ ቄስ አካሉ። ሣህሉ እስከ ደሴቱ ወደብ አብሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ለመሄድ ሥርዓት አይፈቅድለትም። ጥላ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ሽማግሌዎቹ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረዱ።

«ምን አሉ?»

«‹በሳምንቱ ተመለሱ፤ ዘመድ ላማክር› አሉ» አለ አገኘሁ።

ሣህሉ ፊቱ ጠቆረ። ቀጠሮ ማራዘምን ያውቃል፤ ስንቱን እሱ ራሱ በዚያ መልክ ሸኝቷል።

«ፊትህን አታጥቁር» አለ ኑርሑሴን። «አስቀምጠው አብልተውናል። አሁን የቀረው መመላለስ ነው። ሴት ልጅ እኮ በአንድ ጉዞ አትሰጥም።»

«በሁለተኛውም ተመለሱ ቢሉስ?»

«ይላሉ እንጂ! ባይሉ ነው የምፈራው።»

አሉም። የካቲት 7 ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ተመለሱ፤ ሁለተኛም ቀጠሮ ይዘው መጡ። በዚያ ቀን መሪጌታ ሳይታሰቡ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሣህሉ እስከሚጠብቅበት ወደብ ድረስ ወረዱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በዘንግ ተደግፈዋል። ሣህሉ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«በውጭ አገር የኖርኸው አንተ ነህ?»

«አዎን፣ አባ።»

«እዚያ ሽማግሌ የለም?»

«አለ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሄድ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ!» አሉ መሪጌታ፤ ከልባቸው አዘኑ። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው ጥቂት አቆዩና ወደ ቤታቸው ወጡ።

ጾም ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ የካቲት 14፣ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱ፤ መሪጌታ ልጃቸውን ፈቀዱ። ሚኒስቴሩ በበኩሉ በመጋቢት መልስ ላከ፤ ሣህሉ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ስሙም ዳግመኛ ለምድብ እንዳይቀርብ ተወሰነ። ደብዳቤውን እናትዓለም መዝግባ ፋይል አደረገችው።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት 19 ቀን እሑድ፣ ደቅ ላይ ተደረገ። መሪጌታ ምርቃታቸውን ስላረዘሙ ጀልባዋ ከደሴቱ የተነሣችው ከተያዘላት ሰዓት ዘግይታ ነው። የዘገየችበትን ምክንያት ለኃላፊው የሚገልጸውን ደብዳቤ ከሳምንት በኋላ ሣህሉ አረቀቀ፤ እናትዓለም ታይፕ አደረገችው። ስድስት መስመር ነበር፤ መዘግየቱም አርባ ደቂቃ።